ወርቅና ሐር ያስማማ እጅ

መልአኩ ደርሷል፤ ካባው ግን ገና አልደረሰም። ገብርኤል ከእመቤታችን ፊት ተንበርክኳል። በአንድ እጁ የወይራ ዝንጣፊ ይዟል፤ ሌላውን ወደ ላይ አንሥቷል፤ ሰላምታውም ከአፉ ወጥቷል። ከጀርባው ግን ካባው አሁንም አየር ላይ ነው። ጫፉ ተጠቅልሏል፤ መስመሮች የተጠላለፉበት ዳማ የመሰለ ጨርቁ ተገልጧል፤ ይዞት የመጣው ነፋስ ገና አልለቀቀውም። ክንፎቹም ሽቅብ እንደቆሙ ናቸው። ከደረሰ ስንት ቅጽበት እንደሆነው፣ ምን ያህል ፈጥኖ እንደመጣ በሥዕሉ ላይ የሚናገር ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሠዓሊው ያን ሁሉ ለአንዲት ጨርቅ አደራ ሰጥቷል።

ሠዓሊው ሲሞኔ ማርቲኒ ነው። የጣሊያኗ የሲዬና ሰው ነበር፤ ይህን የብሥራት ሥዕል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1333 ለከተማዋ ካቴድራል፣ ከሲዬና ጠባቂ ቅዱሳን አንዱ ለሆነው ለቅዱስ አንሳኖስ መሠዊያ ነው። ብቻውን አልሠራውም፤ የሚስቱ ወንድም ሊፖ ሜሚ አብሮት ነበር። በላቲን የተጻፈው የፊርማ ጽሑፍ የሁለቱንም ስም ከነዓመቱ ይጠራል። አነጋገሩ ልብ ይነካል፤ የሚናገረው ሥዕሉ ራሱ ነው፣ ሁለቱ ሰዎች እንደሣሉት በራሱ አንደበት ይመሰክራል። የቱ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ባለሙያዎች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በግራና በቀኝ ዳር የቆሙትን ቅዱሳን ብዙዎቹ ለሊፖ፣ መካከሉን ለሲሞኔ ይሰጣሉ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1799 ወደ ፍሎረንስ ተወስዶ ዛሬ በኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል። ዙሪያውን የያዘው ክፈፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ስለሆነ ብዙ አያቆየንም።

የሚያቆየን ወርቁ ነው። ገብርኤልና ማርያም የተገናኙበት ቤት ግድግዳ የለውም፤ መስኮት የለውም። ከእግራቸው ሥር የእብነ በረድ ወለል፣ እርሷ የተቀመጠችበት ዙፋን፣ በመካከላቸው ነጭ አበባ የያዘ ማስቀመጫ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ወርቅ ነው። በቀለም ወርቅ የመሰለ ሳይሆን፣ ወርቅ። እንዲህ ያለውን ሥራ ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ በጻፈው የሙያ መጽሐፍ ደረጃ በደረጃ አስተምሮታል። ሳንቃው መጀመሪያ ሙጫ ይጠጣል። ከዚያ ጀሶ በላይ በላዩ ይቀባል፣ ይፋቃል፣ ደግሞ ይቀባል፣ እንደ ዝሆን ጥርስ እስኪለሰልስ። በጀሶው ላይ በእንቁላል ነጭ የተበጠበጠ ቀይ አፈር ይለቀለቃል፤ ወርቁ ከሥሩ ሙቀት እንዲያገኝ ነው። ወርቅ ቀጥቃጮች ከአንዲት የወርቅ ዱካት 145 ቅጠል ያወጡ ነበር፤ ቼኒኖ ግን ከ100 ባይበልጥ ይመርጣል፣ በጣም የሳሳ ወርቅ ለሰፊ ሜዳ አይሆንምና። ቅጠሉ ከተለጠፈ በኋላ በለሰለሰ ድንጋይ ወይም በውሻ፣ በተኩላ ጥርስ ይታሻል። እስከ መቼ? ከገዛ ብርሃኑ ብዛት የጠቆረ እስኪመስል ድረስ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ካላዩት ማመን ያስቸግራል። ከሥዕሉ ፊት ቆሜ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ስሄድ ከመልአኩ ራስ በላይ ያለው ወርቅ እንደ ቡና ጠቆረ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ስመለስ ነደደ። በሙዚየም ውስጥ መብራቱ ስለማይንቀሳቀስ ተመልካቹ መንቀሳቀስ አለበት። በካቴድራሉ ውስጥ ግን ሻማው ነበር የሚንቀሳቀሰው። በጧፍ ብርሃን ያደገ ሰው የዚህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ቅዳሴ ላይ ጧፉ በነፈሰ ቁጥር የሥዕሉ ፊት ሕይወት ሲዘራበት አይቷል። ሲሞኔ ሥዕሉን የሠራው ለእንደዚያ ያለ ብርሃን ነው።

አሁን ወደ መልአኩ ቀሚስ ቀረብ እንበል። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ሐር ነው፤ በላዩ ላይ የወርቅ ቅጠላ ቅጠል ተበትኖበታል። ቀርበው ሲያዩት ነገሩ ይገለበጣል፤ ወርቁ ያለው ከነጩ በታች ነው። ሠዓሊው መልአኩ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድሞ በወርቅ ለበጠው፤ አሸው። በዚያ ወርቅ ላይ በእንቁላል አስኳል የተበጠበጠ ነጭና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ቀባ፤ የልብሱን እጥፋት፣ የክንዱን መታጠፍ፣ የጉልበቱን መውጣት በዚያ ቀለም አበጀ። ከዚያ ሹል እንጨት ወይም አጥንት ይዞ ተቀመጠና ቅጠል በቅጠል፣ አበባ በአበባ ቀለሙን እየፋቀ ወርቁን አወጣው። በዚያ ቀሚስ ላይ የምናያት እያንዳንዷ የወርቅ ቅጠል በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ የተገኘች ናት። እጅ ትንሽ ቢከብድ ወርቁ ይቀደድና ቀዩ አፈር ብቅ ይላል፤ ቢቀል ቀለሙ አይለቅም። ቅጠሎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ከጥፍር አይበልጡም። ሰው በዚህ ሥራ ላይ ስንት ቀን ትንፋሹን ይዞ እንደተቀመጠ ሳስብ የራሴ ትከሻ ይደክማል።

እንዲህ ያለ ጨርቅ በዘመኑ በእውን ነበረ። ጣሊያኖች «የታታር ጨርቅ» ይሉት ነበር፤ ሞንጎሎች ከሚገዙት አገር፣ ከመካከለኛው እስያና ከፋርስ፣ በነጋዴ እጅ የሚመጣ ጥቃቅን ቅጠል የሞላበት የሐርና የወርቅ ሽመና ነው። የወርቁ ክር የሚዘጋጀው በወርቅ የተለበጠ ስስ ቆዳ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰንጥቆ፣ አንዳንዴም በሌላ ክር ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1295 በተጻፈው የሮማ ጳጳሳት የንብረት መዝገብ ላይ ሳይቀር የታታር ጨርቅ ተመዝግቧል። ሲሞኔ መልአኩን ሲያለብስ ከሰማይ የመጣ ልብስ ምን እንደሚመስል አልፈለሰፈም፤ ከተማው ከሚያውቀው ጨርቅ ሁሉ ከሩቁ አገር የመጣውን መረጠለት። የጨርቁ መንገድ ርዝመት ለመልአኩ መንገድ ምስክር ሆነ።

ሐርና ወርቅ። እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ የሰማ የእኛ አገር ምእመን ወዲያው የሚያስበው ሌላ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን ወርቅና ሐር አስማምታ ትፈትል ነበር። ስለዚህ በብራናና በግድግዳ ሥዕሎቻችን ላይ በብሥራት ጊዜ እንዝርት ይዛ እናገኛታለን። ትውፊቱ ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ በያዕቆብ ስም የሚጠራው የ2ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ የሚሆነውን ሐምራዊና ቀይ ክር መፍተል በዕጣ እንደደረሳት ይተርካል፤ እንስራዋን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መጀመሪያ ድምፁን ሰማች፤ ወደ ቤት ተመልሳ ክሯን ይዛ ስትቀመጥ መልአኩ ታያት። የቁስጥንጥንያ ሠዓልያንም ክሩን ይሥሉ ነበር። ምዕራባውያን ግን በመካከለኛው ዘመን ክሩን በመጽሐፍ ተኩት። የሲሞኔ ማርያምም የያዘችው መጽሐፍ ነው።

እናቴ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት። አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየሳሳ ይወጣል፤ ጣቷ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚለቅ ዓይኗ ሳያይ ያውቃል። ያ እንግዲህ ጥጥ ብቻ ነው፣ እርስ በርሱ የሚያያዝ። ሐር ይንሸራተታል፣ ይለጠጣል። ወርቅ አይለጠጥም፤ ሲያከሩት ይበጠሳል። ሁለቱን በአንድ ክር ላይ አንዱ ሌላውን ሳይበጥስ፣ አንዱም በሌላው ሳይዋጥ ማዋል ከእጅ ሥራ ሁሉ የከበደው መሆን አለበት። አባቶቻችን ይህን ሥራ ለእርሷ የሰጡበት ሰዓት መለኮትና ሥጋ የተዋሐዱበት ሰዓት ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? የሲዬናው ሠዓሊ ይህን የእኛን ትውፊት ያውቃል አልልም። ነገር ግን ከእርሷ እጅ የጠፋውን ክር ስፈልግ በመልአኩ ቀሚስ ላይ አገኘሁት፤ ወርቅ ከሥር፣ ሐር ከላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍነው።

ብሥራትና ልብስ በእኛ ዘንድ ሌላም ቦታ ይገናኛሉ። በዓሉ መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 9 ወር ከ5 ቀን ነው። ግን መጋቢት ዐቢይ ጾም ስለሚሆን ታኅሣሥ 22 ቀንም ይከበራል፤ ይህን ያደረገው በተአምረ ማርያም የምናውቀው የጥልጥልያው ጳጳስ ደቅስዮስ ነው ይባላል። ጥልጥልያ የስፔኗ ቶሌዶ ናት። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ656 የተሰበሰበ ጉባኤ በዓሉን በዲሴምበር 18 እንዲውል ወስኖ ነበር፤ በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ያ ቀን ከእኛ ታኅሣሥ 22 ጋር አንድ ነው። እመቤታችን ለደቅስዮስ የሰጠችው ሽልማት ደግሞ ልብስ ነበር። የአንድ የስፔን ጳጳስ ታሪክ በግእዝ ተጽፎ ከተአምራቱ መጀመሪያ ላይ መቀመጡ፣ ቀኑም ሳይዛነፍ መቆየቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ከመልአኩ አፍ እስከ እመቤታችን ፊት ድረስ፣ በአበባው ማስቀመጫ በላይ፣ ሰላምታው በላቲን ፊደል በአንድ መስመር ተጽፏል። ፊደሎቹ የተጻፉት በብርዕ አይደለም። ጀሶው በብሩሽ ጫፍ ጠብ ጠብ እየተደረገ ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ ከዚያ በወርቅ ተለብጧል። ቢዳሰሱ ጣት የሚያገኛቸው ናቸው። ወርቅ በወርቅ ላይ ስለሆኑ ከፊት ለፊት ሲታዩ ይደበዝዛሉ፤ ጎን ሲሉ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ጥላ ጥሎ ይነሣል። ከሥዕሉ ሁሉ ለእኔ ትልቁ የጥበብ ሥራ ይህ ነው። የብሥራት ታሪክ ለሠዓሊ አስቸጋሪ ነው፤ ዋናው ነገር አይታይምና። የሆነው ነገር ቃል ነው። አንዱ ተናገረ፣ ሌላዋ ሰማች፤ በዚያ መካከል ሰማይና ምድር ተገናኙ። ሌሎች ይህን በብርሃን ጨረር፣ በርግብ ያሳያሉ፤ ሲሞኔም ርግቧን በመላእክት ተከብባ ከላይ አድርጓታል። ግን ዓይን እርሷ ዘንድ አይቆይም። ቃሉ ራሱ ክብደት አግኝቶ፣ ጥላ አግኝቶ፣ እንደ ተዘረጋ ክር በሁለቱ መካከል ተወጥሯል። ያን ሰላምታ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እያለ ጧት ማታ የሚደግም ሰው በአፉ የሚያውቀውን ነገር እዚህ በጀሶና በወርቅ ተሠርቶ ያገኘዋል።

መስመሩ የሚሄደውም ወደ ጆሮዋ ነው። የሶርያው ቅዱስ ኤፍሬም በቅኔዎቹ፣ ከእርሱም በፊትና በኋላ ብዙ አባቶች፣ ሔዋን የእባቡን ቃል በጆሮዋ ተቀብላ ሞትን እንዳስገባች ሁሉ ማርያም የመልአኩን ቃል በጆሮዋ ተቀብላ ሕይወትን አስገባች ብለው አስተምረዋል። ጆሮ የፅንሱ በር ሆነ። ይህን ትምህርት በቃል መናገር ይቻላል፤ በሳንቃ ላይ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሞኔ በቀጥታ መስመር አደረገው።

እርሷ ግን ትሸሻለች። ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ ያየ የማይረሳው ይህን ነው። ከዙፋኑ ጥግ ተጠግታ፣ አንድ ትከሻዋን አዙራ፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋን እስከ አንገቷ ስባ ይዛለች። ከራሷ እስከ ጉልበቷ ያለው የልብሷ ዳር አንድ ረጅም ጠመዝማዛ መስመር ነው፤ በወርቅ ጥለት የተከበበው ያ ዳር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ዓይንም አብሮ ያፈገፍጋል። ፊቷ ግን አልዞረም። ቅንድቧ ተሰብስቦ፣ አፏ ጥብቅ ብሎ፣ ዓይኗ በሰያፍ መልአኩን ያያል። ገላዋ ሄዷል፤ ዓይኗ ቀርቷል።

እንዲህ ያለውን ነገር ማበላሸት ቀላል ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻው ላይ አንድ የብሥራት ሥዕል አይቶ ያዘነበትን ጽፏል፤ መልአኩ እመቤታችንን እንደ ጠላት ከክፍሏ የሚያባርራት፣ እርሷም ተስፋ ቆርጣ በመስኮት ልትወረወር የደረሰች ይመስላል ይላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሮቤርቶ ካራቾሎ የተባለ ሰባኪ በብሥራት ጊዜ እመቤታችን ያለፈችባቸውን ሁኔታዎች አምስት አድርጎ ሲከፍል መጀመሪያ መታወክን፣ ቀጥሎ ማሰብን፣ ከዚያ መጠየቅን፣ ከዚያ ራስን ዝቅ ማድረግን ያስቀምጣል፤ አምስተኛው መልአኩ ከሄደ በኋላ ነው። ከዘመኑ ሠዓልያን ብዙዎቹ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ዝቅ ያለችውን፣ አራተኛዋን ይመርጣሉ፤ ለማየትም ለጸሎትም ትመቻለች። ሲሞኔ ከዚያ ስብከት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መጀመሪያዋን መረጠ። ደፋር ምርጫ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው መደንገጧን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ይህ ሰላምታ ምን ዓይነት እንደሆነ ማሰቧን።

መልሷስ? በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ያለው የያን ቫን አይክ ብሥራት ሲሞኔ ከሠራ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሣለ ነው። በዚያ ላይ የመልአኩ ሰላምታም የእርሷ መልስም ተጽፈዋል፤ መልሷ ግን ተዘቅዝቆ ነው የተጻፈው፤ ከላይ የሚያነበው እግዚአብሔር ስለሆነ። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ በአየሁት ቁጥር እደሰትበታለሁ። ቢሆንም የሲሞኔ ዝምታ ይበልጥብኛል። በሲዬናው ሥዕል ላይ አንዲት የመልስ ፊደል የለችም። የወርቁ መስመር የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሌርቮው በርናርዶስ በአንድ ስብከቱ ይህን ቅጽበት ይዞ ቆሞ ነበር፤ አዳም፣ አብርሃም፣ ዳዊት፣ በሞት ጥላ ያሉት ሁሉ ከእግሯ ሥር ወድቀው የአንዲት ልጃገረድ መልስ እንደሚጠብቁ፣ መልአኩም ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰበከ። የዓለም መዳን «ይሁንልኝ» በሚል ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቃሉም ገና አልተነገረም። ሲሞኔ የሣለው ያን ገና ያልተነገረ ቃል ነው። የመልአኩ ካባ አየር ላይ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እርሷ እስክትመልስ አይወርድም።

ልሄድ ስል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ። አንዱ እጇ መጎናጸፊያውን አንገቷ ላይ ጨብጧል፤ የፈራ ሰው እጅ ነው። ሌላው መጽሐፉን ይዞ ከጉልበቷ አጠገብ ወርዷል። መጽሐፉ ተዘግቷል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። አውራ ጣቷን በገጾቹ መካከል አስገብታ የምታነብበትን ቦታ ይዛለች።